ዩሪያ ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላ ምን ይሆናል? ስለ ባሕርዩና ስለ አጠቃቀሙ የቀረበ ጥያቄ

የማሳ ማስታወሻ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ስለ ዩሪያ ማዳበሪያ ባሕርይ በቅጡ የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ዩሪያን ለበርካታ ዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ ነገር ግን ያ ነጭ ፍሬ አፈር ላይ ካረፈ በኋላ ምን እንደሚደርስበት ጠይቄ አላውቅም ነበር። በዚህ የዘር ወቅት ያጋጠሙኝ ነገሮች ግን እንድጠይቅ አስገድደውኛል።

በቆሎው ጉልበት ሲደርስ አንድ ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ዩሪያውን ከላይ በተንሁት። ማሳው ላይ ያለፈው ሰብል አገዳና ቅጠል በብዛት ተኝቶ ነበር። ዝናብ በቅርቡ ይመጣል ብዬ ነበር፤ ይሁን እንጂ ስምንት ቀን ሙሉ ጠብታ ሳይወርድ ፀሐይና ነፋስ ብቻ ተፈራረቁበት። በሦስተኛው ቀን ጎንበስ ብዬ አፈሩን ሳሸተው በረት ውስጥ እንደሚሸተው ያለ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ነበረው። በኋላ ዝናቡ ቢመጣም የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምረው የመሃል ጅማታቸውን ተከትለው ቢጫ እየሆኑ ሄዱ። የደከምሁበት ማዳበሪያ በእርግጥ ወደ አየር ሄዶብኝ ይሆን?

በሌላ ትንሽ መደብ ላይ ደግሞ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ዩሪያውንና ዘሩን በአንድ ቦይ ጨመርሁ። ከዘሩ አብዛኛው ሳይበቅል ቀረ፤ የበቀለውም ጫፉ የተለበለበ ነበር። ከዚህ በተጨማሪ የተረፈኝን ዩሪያ ከአሞኒየም ናይትሬት ጋር ደባልቄ ባሳድረው ጠዋት ላይ ጭቃ የመሰለ ነገር ሆኖ አገኘሁት፤ አፉ ተከፍቶ የቆየው ጆንያ ደግሞ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ዩሪያ በውሃ ስበጠብጥ ባልዲው እጅ እስኪያደነዝዝ መቀዝቀዙም የጤና መሆኑን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ይኸው ዩሪያ ለከብት መኖነትና ለመኪናም ይውላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ አንድ ነገር እንዴት ለዚህ ሁሉ ሊሆን እንደቻለም ባውቅ እወዳለሁ።

አፈር መርማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከጥያቄዎችዎ የሚበዙት ከአንድ ሥር የተመዘዙ ስለሆኑ ከሥሩ ብጀምር ይሻላል። ሰብል ናይትሮጅንን በዋናነት የሚወስደው በአሞኒየምና በናይትሬት መልክ ነው። ስለዚህ የበተኑት ነጭ ፍሬ ገና ምግብ አይደለም፤ ምግብ የሚሆነው ዩሪዬዝ የተባለው ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ሲሰብረው ነው። በማሳዎም በመደብዎም የደረሰውን ነገር የወሰነው ይህ ስብራት የት ቦታ፣ በምን ፍጥነትና በምን ያህል እርጥበት ውስጥ መካሄዱ ነው።

የዩሪያ ሞለኪውል አንድ የካርቦን፣ አንድ የኦክስጅን፣ ሁለት የናይትሮጅንና አራት የሃይድሮጅን አቶሞች አሉት። ከክብደቱ 46 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው፤ በአሞኒየም ናይትሬት ውስጥ ያለው 34 በመቶ ገደማ፣ በአሞኒየም ሰልፌት ውስጥ ያለው ደግሞ 21 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ዩሪያን ማጓጓዝ የሚያዋጣውና በዓለም ዙሪያ ከናይትሮጅን ማዳበሪያዎች ሁሉ ይበልጥ የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው። በ1773 ፈረንሳዊው ኬሚስት ሩዌል ከሽንት ለይቶ አወጣው፤ በ1828 ደግሞ ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ቮለር ያለ አንዳች እንስሳ እገዛ በቤተ ሙከራ ሠራው። ዛሬ ፋብሪካዎች አሞኒያንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት አዋሕደው ያመርቱታል። ይህን የማነሣው ለታሪክነቱ ብቻ አይደለም። ዩሪዬዝ አፈር ውስጥ የሚያደርገው የፋብሪካውን ሥራ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ዩሪያውን ከውሃ ጋር አገናኝቶ እንደገና ወደ አሞኒያና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል።

ዩሪዬዝ የሚመነጨው ከባክቴሪያዎች፣ ከፈንገሶችና ከተክሎች ነው፤ ያመነጩት ፍጥረታት ከሞቱም በኋላ በአፈሩ ውስጥ ሳይበላሽ ሊቆይ ይችላል። ጄምስ ሰምነር በ1926 ከባቄላ ዘመድ ከሆነ የጥራጥሬ ዘር አጣርቶ በክሪስታል መልክ ያወጣው ይኸው ኢንዛይም ነበር፤ ኢንዛይሞች ፕሮቲን መሆናቸውን በማሳየቱም በ1946 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ለእርስዎ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር የሰብል ተረፈ ምርት በዩሪዬዝ እጅግ የበለጸገ መሆኑ ነው። አገዳና ቅጠል በተኛበት ማሳ ላይ ከላይ የተበተነ ዩሪያ፣ አፈሩን ገና ሳይነካ፣ ኢንዛይሙ በብዛት በሚገኝበት ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

አሁን ወደዚያች ማለዳ እንመለስ። ጤዛ ፍሬውን ለማሟሟት ይበቃል፤ ወደ አፈሩ ውስጥ ለማስረግ ግን አይበቃም። ዩሪያው ሟሟ፣ ስብራቱ ጀመረ፤ ፀሐይና ነፋስ ሲመጡ ደግሞ ውሃው ተነነና የተፈጠረው አሞኒያ ከላይ ቀረ። በእኔ አስተያየት ዩሪያ ከላይ ለመበተን ከጤዛማ ማለዳ የከፋ ሰዓት የለም፤ ፍጹም ደረቅ አፈር ላይ ቢያርፍ ኖሮ ብዙው ሳይሰበር ዝናቡን ሊጠብቅ ይችል ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ዩሪያ ሲሰበር በፍሬው ዙሪያ ያለው አፈር ለጥቂት ቀናት አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ይሆናል፤ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ 7 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን ነው) ወደ 9 ሊጠጋ ይችላል። አሞኒየም ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላለው የሸክላ አፈር አጥብቆ ይይዘዋል፤ አሞኒያ ግን ጋዝ ነው፣ ይሄዳል። ሁለቱ በምን መጠን እንደሚከፋፈሉ የሚወስነው ፒኤች ነው፦ በ7 ላይ አሞኒያው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ በ9 ላይ ግን ከሲሶ ይበልጣል። በረት ውስጥ እንደሚሸተው ያሉት ሽታ ይኸው ነው፤ በበረት ውስጥም የሚሸተው ከከብቱ ሽንት ዩሪያ የወጣ አሞኒያ ስለሆነ ምሳሌዎ ትክክል ነው። ሁኔታዎች ሁሉ ሲከፉ፣ ማለትም ሙቀት፣ ነፋስ፣ እርጥብ ገጽ፣ ተረፈ ምርትና ሸክላ ያነሰው አፈር ሲገጣጠሙ፣ ከተበተነው ናይትሮጅን ሲሶውና ከዚያም በላይ ወደ አየር ሊሄድ ይችላል። አዎን፣ ከደከሙበት ማዳበሪያ ከፊሉ ሄዷል።

መከላከያው ቀላል ነው፤ ዩሪያውን ማልበስ። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ከለበሰ ወደ ላይ የሚወጣው አሞኒያ በመንገዱ ላይ አሞኒየም ሆኖ ይያዛል። ስለዚህ ከኩትኳቶ ጋር አጣምሮ ማስገባት፣ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ወይም መስኖ እንዲያገኝ ማድረግ ያስፈልጋል። ሳይሰበር በፊት ዩሪያ ሙል ስለሌለው ከውሃው ጋር በቀላሉ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ያ ጠባይ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሁለቱም የማይቻሉ ከሆነ ኤንቢፒቲ በተባለ ዩሪዬዝን የሚያዘገይ ንጥረ ነገር የታከመ ዩሪያ አለ፤ እርሱም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ፋታ ይሰጣል።

በዘሩ ላይ የደረሰው ደግሞ የዚሁ ታሪክ ሌላኛው ገጽ ነው። በማሳው ላይ አሞኒያው አመለጠ፤ በቦዩ ውስጥ ግን ከዘሩ ጋር ታፍኖ ቀረ። አሞኒያ ለሚበቅል ዘርና ለለጋ ሥር መርዝ ነው። በተጨማሪም በዚያ ጠባብ ቦታ የተከማቸው ጨው ዘሩ ውሃ እንዳይስብ ያደርጋል። ዩሪያን ከዘር ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን አርቀው፣ ከተቻለም ከዘሩ ዝቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ ጊዜው የተቆጠበ ቢመስልም በዘር ላይ አይሞክሩት።

መጋዘን ጠባቂ፦

አፈር መርማሪ የተናገሩትን ሳልደግም ስለ ጆንያውና ስለ ድብልቁ ልናገር፤ ብዙ ጊዜዬን ያሳለፍሁት ማዳበሪያ በማከማቸትና በማደባለቅ ነው።

ባልዲው መቀዝቀዙ የጤና ነው፤ እንዲያውም የዩሪያ ባሕርይ ነው። ዩሪያ ሲሟሟ ከውሃው ሙቀት ይስባል፤ ለጉዳት ሕክምና ሲጨመቁ ወዲያው በሚቀዘቅዙት ከረጢቶች ውስጥም ለዚህ ጠባዩ ይገባል። መሟሟቱም እጅግ ከፍተኛ ነው፤ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ውሃ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ዩሪያ ያሟሟል። የተበጠበጠው ውሃ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ካስቀረ ግን ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል ብለው ይጠርጥሩ። በሚበጠብጡበት ጊዜ ግማሹን ውሃ አስቀድመው ሞቅ ባለ ቦታ ቢያቆዩት ሥራው ይፈጥናል።

የጠጠረው ጆንያ አልተበላሸም። ዩሪያ አየሩ ሲረጥብ እርጥበት ይስባል፤ በ30 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ ጥቂት ከፍ ሲል መሳብ ይጀምራል። ሌሊት የሳበው እርጥበት የፍሬዎቹን ገጽ ያሟሟል፤ ቀን ሲደርቅ ደግሞ ፍሬን ከፍሬ አጣብቆ ያስቀራል። በጆንያው አፍ ላይ ያለውን ቁራጭ ሰብረው ቢመለከቱ በፍሬዎቹ መካከል ስስ የሚያብረቀርቁ ድልድዮች ያያሉ። ናይትሮጅኑ አብዛኛው እዚያው ስላለ ፈጭተው፣ በወንፊት ነፍተው ይጠቀሙበት፤ ጉዳቱ እኩል ሆኖ አለመበተኑ ነው። ወደፊት ግን ጆንያውን ከወለልና ከግድግዳ አርቀው በእንጨት ርብራብ ላይ ያኑሩት፤ የተከፈተውን አፉን አጥብቀው ይሰሩት።

ከአሞኒየም ናይትሬት ጋር መደባለቅዎን በተመለከተ ግን በቅንነት አስጠነቅቃለሁ፤ ፈጽሞ አይድገሙት። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መካከለኛ እርጥበት ይችላሉ። ሲደባለቁ ግን በ30 ዲግሪ ሙቀት እርጥበት መሳብ የሚጀምሩት አየሩ 18 በመቶ ያህል እርጥበት ሲኖረው ነው፤ ይህም በረሃ ካልሆነ በቀር የትም ቦታ፣ የትኛውም ሌሊት ማለት ነው። ድብልቁ ጭቃ የሆነው እርስዎ ስላጠፉ ሳይሆን የሁለቱ ባሕርይ ስለሆነ ነው። በፋብሪካ ግን ይህንኑ ጠባይ ተጠቅመው ሁለቱን ከውሃ ጋር አዋሕደው ከ28 እስከ 32 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ፈሳሽ ማዳበሪያ ይሠሩበታል። ዩሪያ ትሪፕል ሱፐር ፎስፌት ከተባለው የፎስፈረስ ማዳበሪያ ጋርም አይስማማም፤ በፎስፌቱ ክሪስታል ውስጥ የታሰረውን ውሃ ያስለቅቀውና ድብልቁ አየሩ ሳይረጥብ እንኳ ይረጥባል። ከዳፕ (ዳይአሞኒየም ፎስፌት)፣ ከአሞኒየም ሰልፌትና ከፖታሽ ጋር ግን የፍሬዎቹ መጠን እስከተቀራረበ ድረስ ደረቅ እንደሆነ ይደባለቃል፤ መጠናቸው ከተራራቀ ትንንሾቹ ወደ ታች እየወረዱ ጆንያው ሳይበተን ድብልቁ ይለያያል። ከኖራና ከአመድ ጋርም አብረው አያስቀምጡት፤ አልካላይን ስለሆኑ አሞኒያውን ያባርሩታል።

በቅጠል ላይ ለመርጨት ካሰቡ አንድ ቃል ያስታውሱ፤ ባይዩሬት። ዩሪያ በፋብሪካ ሲቀልጥ፣ ማለትም ከ133 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ፣ ሁለት ሞለኪውሎች ተጣብቀው ይህን ንጥረ ነገር ይፈጥራሉ። አፈር ላይ ለሚበተን ዩሪያ 1 በመቶ ገደማ ቢኖርበት አያሳስብም። ለቅጠል ሲሆን ግን ባይዩሬቱ ከሩብ በመቶ ብዙም እንዳያልፍ ይፈለጋል፤ የብርቱካን ዝርያዎች በተለይ ቶሎ ይጎዱበታል። ጆንያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳያነቡ አይርጩ።

የከብት ሐኪም፦

ስለ መኖው ጥያቄ የተጠየቀውን እኔ ልመልስ፤ በዚህ ጉዳይ ሳያውቁ በሠሩት ስሕተት ከብት ሲሞት አይቻለሁና ቃሌን ሳላለሳልስ ነው የምናገረው።

የሚያመነዥክ እንስሳ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነርሱም ዩሪዬዝ ስላላቸው ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ ከዚያም አሞኒያውን ከመኖው ካገኙት ጉልበት ጋር አዋሕደው የራሳቸውን ፕሮቲን ይሠራሉ፤ ከብቱ በኋላ ባክቴሪያዎቹን ፈጭቶ ይመገባቸዋል። አፈር ውስጥ የሚሆነውና ጨጓራ ውስጥ የሚሆነው መነሻው አንድ ነው። ልዩነቱ አሞኒያውን የሚቀበለው ማን እንደሆነ ነው። ጉልበት ሰጪ መኖ ከሌለ ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን ሊጠቀሙበት አይችሉም፤ ያኔ ወደ ደም ያልፋል፤ ጉበት ከሚችለው በላይ ሲሆን ደግሞ እንስሳውን ይመርዘዋል።

ስለዚህ ከጠቅላላው ደረቅ መኖ ከ1 በመቶ እንዳያልፍ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በሚወስድ ጊዜ ቀስ በቀስ እንዲለማመዱት፣ ከመኖው ጋር በደንብ እንዲቀላቀልና ጓል ሆኖ እንዳይቀር ያስፈልጋል። ጥሬ የአኩሪ አተር ዱቄት በራሱ ዩሪዬዝ ስላለው ከዩሪያ ጋር በአንድ ገበታ አይቅረብ። ለጥጃ፣ ለአህያ፣ ለፈረስ፣ ለአሳማና ለዶሮ ዩሪያ የመኖ ጥቅም የለውም። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ የተበጠበጠው ውሃ ነው፤ የተጠማ ከብት ለማሳ ከተዘጋጀ ባልዲ ቢጠጣ በሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ መነፋትና የትንፋሽ መቆራረጥ ይጀምረዋል። ያን ጊዜ ሳይዘገዩ ሐኪም ይጥሩ። የተረፈ ብጥብጥ ያለበትን ባልዲ፣ ጉድጓድ ያጠራቀመውን ውሃም ቢሆን፣ ከብት በሚያልፍበት አይተዉ።

እኔ በበኩሌ ዩሪያን በቀጥታ ከማብላት ይልቅ ጭድ ማከሙን እመርጣለሁ። ለ100 ኪሎ ግራም ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ በ50 ሊትር ያህል ውሃ ይበጠበጣል፤ ጭዱ በንብርብር እየተነጠፈ ይረጫል፣ ይረገጣል፣ አየር እንዳያስገባ በላስቲክ ተሸፍኖ ለሦስት ሳምንት ያህል ይታሸጋል። በጭዱ ላይ ያለው ዩሪዬዝ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያውም ጠንካራውን የጭዱን ግድግዳ ያላላዋል። ሲከፍቱት ዓይን የሚያስነባ ሽታ ካለውና ጭዱ ወደ ወርቃማ ቡናማነት ካደላ ተሳክቷል፤ ሽታ ከሌለው ሽፋኑ ቀዳዳ ነበረው ማለት ነው። ከማቅረብዎ በፊት ለአንድ ቀን ያህል ያናፍሱት።

ስለ መኪናው ለጠየቁት በአጭሩ፦ የናፍጣ መኪና ጭስ ውስጥ ያሉትን የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ለማጥፋት 32.5 በመቶ ዩሪያ ያለበት ንጹሕ ውሃ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይረጫል፤ በሙቀቱ አሞኒያ ይሆንና መርዛማውን ጋዝ ወደ ተራ ናይትሮጅንና ወደ ውሃ ይለውጠዋል። የማዳበሪያ ዩሪያ ግን ለዚህ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ቆሻሻና የፍሬው ልባስ የማጣሪያውን ካታሊስት (ለውጡን የሚያፋጥነውን ንጥረ ነገር) ያበላሸዋል። ከዚህ ሌላ ለእንጨት ሥራ ሙጫና ለደረቀ ቆዳ በሚቀቡ ቅባቶችም ውስጥ ይገባል፤ ቆዳችን ራሱ እርጥበቱን የሚጠብቀው ከፊሉን በዩሪያ ነውና።

የማሳ ማስታወሻ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ ስለ ጤዛው የተሰጠው ማብራሪያ ዓይኔን ከፍቶልኛል፤ እርጥበት ያለበት ማለዳ መልካም ሰዓት እንደሆነ ነበር የማስበው። አሁን የቀረኝ ጥያቄ የጠፋውን ልተካ ወይስ ልተወው የሚለው ነው። የጠፋውን መጠን ሳላውቅ እንደገና ብጨምር ጉዳት የለውም? ዩሪያ አፈርን አሲዳማ ያደርጋል የሚባለውስ ሲሰበር አልካላይን ይሆናል ከተባለው ጋር እንዴት ይታረቃል?

አፈር መርማሪ፦

የመጨረሻውን ላስቀድም፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚለያያቸው ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፒኤቹ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ሲለውጡት አሲድ ይለቀቃል፤ ውሎ አድሮ ድምር ውጤቱ ወደ አሲዳማነት ያደላል። በተለምዶ ከዩሪያ ለተገኘ ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን 1.8 ኪሎ ግራም ያህል የኖራ ድንጋይ ዱቄት ማካካሻ ይታሰባል፤ ስለዚህ በየዓመቱ የሚጠቀም ሰው የአፈሩን ፒኤች በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ማስለካት ይገባዋል። ናይትሬት ደግሞ በአፈር ስለማይያዝ ብርቱ ዝናብ ከሥሩ አርቆ ይወስደዋል፤ ውሃ በሚተኛበት ቦታም ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ለውጠው ያጠፉታል። ዩሪያን በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ይልቅ በሁለት ወይም በሦስት ከፍሎ መስጠት የሚመከረው ለዚህ ነው።

መተካቱን በተመለከተ ሰብሉን ይጠይቁት። ናይትሮጅን ሲጎድል በቆሎ ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች ነቅሎ ወደ አዲሶቹ ይወስዳል፤ ስለዚህ ቢጫው ከታች ይጀምርና በመሃል ጅማቱ ላይ ወደ ግንዱ እየሾለ ይገባል፤ የገለጹልን ምልክት ይኸው ነው። ቢጫው ከላይ፣ ከለጋዎቹ ቅጠሎች ቢጀምር ኖሮ ችግሩ ሌላ፣ ለምሳሌ የሰልፈር እጥረት፣ ይሆን ነበር። ቢጫው ከሁለትና ከሦስት የታችኛ ቅጠሎች ካላለፈና ሰብሉ ገና ካላበበ ካሰቡት መጠን ሲሶውን ያህል ብቻ ይጨምሩ፤ በመስመሩ ጎን ጫር አድርገው አፈር ያልብሱት። ስሌቱ አያስቸግርም፤ 20 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ለመስጠት 20ን ለ0.46 ማካፈል ነው፤ 43 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል ዩሪያ ይሆናል። አበባው ከወጣ በኋላ ግን የሚያገኙት ጥቅም ትንሽ ስለሆነ ማዳበሪያውን ለሚቀጥለው ዘር ያቆዩት።

ሲጨምሩም ከማሳው መሃል ጥቂት ሜትር የምትረዝም አንዲት መስመር ሳይነኩ ይተዉና በሁለቱም ጫፍ ችካል ይትከሉባት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የእርሷን ቅጠልና የጎረቤት መስመሮቿን ቅጠል ጎን ለጎን ይዘው ቢያስተያዩ የጨመሩት ዩሪያ ሰብሉ ጋ መድረስ አለመድረሱን በዓይንዎ ያዩታል።